«እግሬ አላስተኛ አለኝ» ለሚል ሰው የሚነገሩ ስህተቶች

ፋርማሲ ውስጥ ስትሠሩ አንድ ነገር ቶሎ ትለምዳላችሁ። ሰው ሕመሙን ብቻ ይዞ አይመጣም። ምርመራውንም መድኃኒቱንም ራሱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ አልከራከርም። የእግር ነገር ሲሆን ግን ትዕግሥቴ ያልቃል።

የማወራው ማታ ጋደም ሲሉ እግራቸው አላርፍ ስለሚላቸው ሰዎች ነው። አንዱ «ውርር ውርር ይለኛል» ይላል። ሌላዋ «ውስጡን ይበላኛል፣ ግን የማክበት ቦታ የለም» ትላለች። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር አለ፦ እግሩን ማንቀሳቀስ ግድ ይላቸዋል። ቁጭ ወይም ጋደም ሲሉ ይጀምራል፣ ሲነሡና ሲራመዱ ቀለል ይላል፣ ሲመሽ ይብሳል። እነዚህ ካሉና ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ሕመሙ ሬስትለስ ሌግስ ሲንድረም ይባላል። የሚታወቀውም ከታካሚው አፍ በሚሰማ ታሪክ ነው፤ ራጅ አያሳየውም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ጽፎታል። ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦም ደግሞ በ1945 በዝርዝር አጥንቶ አሁን የሚጠራበትን ስም ሰጠው። እንግዲህ ሰው ትናንት የፈጠረው ሰበብ አይደለም።

«ጭንቀት ነው፣ ዘና በል»

ዘና ማለት እኮ ነው የሚቀሰቅሰው። ጭንቀት ሊያብሰው ይችላል፤ መነሻው ግን ከአንጎል የብረት እጥረት፣ ዶፓሚን ከሚባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል አሠራርና ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቹን ጠይቋቸው፣ እናት ወይም አባት ማታ ማታ ቤት ውስጥ ሲንጎራደዱ ያደጉ ናቸው።

«ደም አልዘዋወር ብሎ ነው፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ»

የደም ሥር ችግር ሌላ ነው። እግርን ከፍ አድርጎ ዝም ብሎ መተኛት ለዚህኛው ሕመም የተመቸ ሰዓት መስጠት ነው።

«ክራምፕ ነው»

ክራምፕ ጡንቻውን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ብትነኩት ድንጋይ ነው፣ ያማል፣ ሲሳብ ይለቃል። እዚህ ግን ጡንቻው ለስላሳ ነው። ልዩነቱ ለወሬ አይደለም፤ ለክራምፕ ብለው ኩዊኒን የሚፈልጉ ሰዎች ስላሉ ነው የምናገረው። ኩዊኒን የልብ ምትና የደም ሴሎች ላይ አደገኛ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለማያርፍ እግር ደግሞ መድኃኒቱ አይደለም።

«ደም ማነስ የለብኝም ተብያለሁ፣ አይረን አይመለከተኝም»

ይሄኛውን መስማት ሰልችቶኛል። የሚያናድደኝም ታካሚው ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን አይቶ «ደምህ ሙሉ ነው» ብሎ የሚሸኘው ባለሙያ ነው።

ደም ማነስ የሚታይበት ሄሞግሎቢን የሚለካው በደም ውስጥ እየሠራ ያለውን ነው። የተቀመጠውን ብረት የሚጠቁመው ፌሪቲን የሚባል ሌላ ምርመራ ነው። ማዕዱ ሙሉ ስለሆነ ጎተራው ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ሰውነት ብረት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያራቁተው ማከማቻውን ነው። ደም ማነስ የሚታየው በመጨረሻ ነው። እግር አላርፍ የሚለው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ «ኖርማል» የምትለዋ ቃል ናት። በብዙ ላቦራቶሪ የፌሪቲን የታችኛው ወሰን ዝቅ ያለ ነው። አንድ ሰውዬ አስታውሳለሁ። ማታ ማታ ነበር የሚመጣው። ተራ ሲጠብቅ ወንበር ባዶ ሆኖ እያለ ይቆማል፣ ቆሞም ተረከዙን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ የላቦራቶሪ ወረቀት አወጣ። ፌሪቲን 22፣ ከጎኑ «ኖርማል»። ለሌላ ሰው ይሁን። እግሩ ለማያርፍ አዋቂ ግን ፌሪቲን 75 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን የሚባለው (በደም ውስጥ ብረት የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ምን ያህሉ ብረት እንደያዘ የሚያሳየው) ከ20 በመቶ ካነሰ፣ ብረት መስጠት ይታሰባል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2025 ያወጣው መመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ከ75 እስከ 100 ያለው ደግሞ በደም ሥር በሚሰጥ ብረት ሊታከም ይችላል። 22 የትም አይደርስም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ ነገርኩት። ብረት ተጀመረለት፤ ከወራት በኋላ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን እየነካካ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። «እንግዲያው አይረን ስጠኝ» የሚለኝንም አልሰጠውም። ብረት ሲበዛ ይመርዛል፣ ከተፈጥሯቸው ብረት የሚያከማቹ ሰዎችም አሉ። መጀመሪያ ምርመራ። ምርመራው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ብረት ያለበት ኪኒን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ቆሞ። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለ ለሐኪሙ ይነገር፤ ፌሪቲን ያኔ ያለ ወጉ ከፍ ይላል፣ ያታልላል። ኪኒኑ ከታዘዘ በሻይ ወይም በቡና መዋጥ ገንዘብን መጣል ነው፤ ሁለቱም ብረቱ እንዳይመጠጥ ይከለክላሉ። ሆድ ከቻለው በባዶ ሆድ ይወሰዳል። በቀን ሦስቴ መዋጥም አያስፈልግም፤ በቀን አንዴ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ለሆድ ይቀላል፣ አመጣጠጡም አይከፋም። በሳምንት ለውጥ አትጠብቁ። ማከማቻ የሚሞላው በወራት ነው። ወንድ ከሆናችሁ ወይም የወር አበባ ካቆመ ደግሞ ብረቱ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ከሆድ ዕቃ ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ሊኖር ይችላል።

«እንቅልፍ እንቢ ካለህ የአለርጂ ኪኒን ዋጥ»

እባካችሁ ተዉ! እንደ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉ የሚያስተኙ የአለርጂ መድኃኒቶች ይህን ሕመም ያብሳሉ። ሰውዬው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ እግሩ ግን አያስተኛውም። ከሁለቱም የከፋ ሌሊት ነው። ለጉንፋን በተቀመሙ ኪኒኖችና ሽሮፖች ውስጥም ስላሉ ጀርባውን አንብቡ፣ ወይም ጠይቁን። ለዚያ ነው የቆምነው።

ዝርዝሩ በዚህ አያበቃም። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ያባብሱታል። አሚትሪፕቲሊን በተለይ ይገርመኛል። «ለነርቭም ለእንቅልፍም ይሆናል» ተብሎ ይታዘዝና ጭራሽ እግሩን ያስነሣዋል። ይህን አንብባችሁ ግን የታዘዘላችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ሐኪሙን «እግሬ ከዚህ ኪኒን ወዲህ ብሶበታል» በሉት፤ የሚለወጥ ነገር ይኖራል።

«ታገሠው፣ ዝም ብለህ ተኛ»

በግድ ዝም ብሎ መተኛት አይሆንም። ተነሡ። ትንሽ ተራመዱ፣ ባታችሁን ሳቡት፣ እሹት፣ እግራችሁን ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሩ። ቀዝቃዛ የሚያሻለውም አለ፤ ሁለቱን ሞክሩ። አእምሮን የሚይዝ ነገርም ይረዳል፦ ቃላት መሙላት፣ ካርታ፣ የእጅ ሥራ። እንዲያውም ረጅም መንገድ መቀመጥ ያቃታቸው ሰዎች ጨዋታ ሲይዙ እግራቸውን ይረሱታል። ቀን ላይ መጠነኛ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው፤ ሊመሽ ሲል በከባድ ስፖርት ራስን ማድከም ግን አይደለም። ካፌይን፣ አልኮልና ሲጋራ ብዙዎችን ያብስባቸዋል። አልኮል መጀመሪያ ያስተኛል፣ ኋላ ሂሳቡን ያወራርዳል።

ሌላም አለ። ሕመሙ በአብዛኛው እኩለ ሌሊት አካባቢ ጫፍ ይደርስና ወደ ንጋት ይለቃል። ሥራችሁ ከፈቀደ ዘግይቶ መተኛትና ዘግይቶ መነሣት ስንፍና አይደለም። ቤተሰብ «ፀሐይ እስኪወጣ ይተኛል» ቢል ይበል።

«ልጅ ነው፣ እያደገ ስለሆነ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ማታ እግሩን አሹልኝ የሚልና ቀን ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ግን ለእሱም ፌሪቲን ይታይለት።

«እርጉዝ ስለሆንኩ ነው፣ ምንም አይደረግም»

እርግዝና ያመጣዋል፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፤ አብዛኛውን ጊዜም ከወሊድ በኋላ ይተዋል። እስከዚያ ግን ብረቷ መለካት አለበት። ምንም አይደረግም የሚባል ነገር የለም።

«መድኃኒቱ ሰነፈብኝ፣ ጨምርልኝ»

እንደ ዶፓሚን የሚሠሩት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ለዚህ ሕመም ለዓመታት የመጀመሪያ ምርጫ ነበሩ። ሲጀመሩ ተአምር ይመስላሉ። ችግሩ ቆይቶ ይመጣል። ማታ ይጀምር የነበረው ከሰዓት በኋላ መጀመር ይመጣል፣ ከእግር አልፎ ወደ ክንድ ይወጣል። ሰው «ሕመሙ አድጎ ነው» ይላል፣ መጠኑ ይጨመራል፣ ለጥቂት ጊዜ ሻል ይላል፣ ከዚያ ይብሳል። እዚህ ላይ ያባባሰው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ቁማርና ያልታሰበ ግዢ ይጀምረዋል፤ ዘመድ ካላየ ራሱ አያወራውም። የ2025ቱ መመሪያ እነዚህን በተለምዶ አትጀምሩ ብሎ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንን ከፊት ያደረገው ለዚህ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ያደነዝዛሉ፣ ሚዛን ያስታሉ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ናቸው።

ፕራሚፔክሶል ወይም ሮፒኒሮል የጀመራችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ እንዳትጥሉት። በድንገት ማቆም ለቀናት ጭራሽ የማያስተኛ ሌሊት ያመጣል። ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ለሁለት ሳምንት ጻፉና ወረቀቱን ለሐኪሙ አሳዩት። ሰዓቱ ወደ ቀን እየመጣ ከሆነ፣ መጠን ከመጨመሩ በፊት ቀስ በቀስ ስለመውጣት ነው መነጋገር ያለባችሁ።