"ፒሲቢ እኮ ድሮ ታግዷል" ለምትሉኝ ሁሉ

ስራዬ ሲያትል ውስጥ ላብራቶሪ ነው፣ የዓሣ ናሙና ፈጭቼ ስቡን አውጥቼ ስንት ኬሚካል እንዳለበት እለካለሁ። ቡና ላይ ሰው ስራሽ ምንድነው ብሎኝ ስለ ኦርካዎቹ (ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪዎቹ) እና ስለ ፒሲቢ ማውራት ስጀምር ሁሌ አንድ ሰው አይጠፋም፦ "እሱ እኮ ድሮ ታግዷል!" ባለፈው እሁድ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ደገመችው፣ አቦሉን ትቼ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ፒሲቢ ማለት መርዛማ ኬሚካል ነው፣ በብዛት ትራንስፎርመር ውስጥ እንዳይግልና እሳት እንዳይነሳ የሚሞላ ዘይት ነበር፣ ቀለምና የህንፃ ማሸጊያ ውስጥም ገብቷል። በዓለም ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ተመርቷል።

ትንንሾቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ልጨርስ።

"ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነው።" አይደለም፣ ስሙ አሳስቶን ነው፣ ከዮናስ ታሪክ ጀምሮ። ወልዶ ጡት ያጠባል። ጡቱን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

"ትልቁ ነው በጣም የሚመረዘው።" ብሉ ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ከሁሉም ይገዝፋል ግን የሚበላው ክሪል የምትባል ሽሪምፕ መሳይ ደቃቃ ነገር ስለሆነ ከኦርካ በጣም ያነሰ ነው ያለበት።

"ውቅያኖስ ሰፊ ነው፣ ይበተናል።" ቀይ ወጥ ሰርታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሲበስል ቀዩ የት ነው የሚወጣው? ዘይቱ ላይ። ፒሲቢም እንደዛው ነው፣ ውሃ አይወድም፣ ስብ ነው የሚፈልገው። ከውሃው ደቃቃዎቹ ፍጥረታት ውስጥ ይገባል፣ እነሱን ትንሹ ዓሣ ይበላል፣ ትንሹን ዓሣ ደግሞ ቺኑክ የሚባለው የሳልመን ዓሣ፣ ሳልመኑን ኦርካ፣ በየአፉ እየተጠራቀመ ሄዶ መጨረሻ ላይ ያለችው የሁሉንም ትወስዳለች።

አሁን ወደ "ታግዷል"። አዎ ታግዷል። አሜሪካ ማምረቱን በፈረንጆቹ 1979 ከለከለች። በ2001 ደግሞ እንዲህ ያሉ መርዞችን የሚከለክለው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት መጣ፣ ኢትዮጵያም አባል ናት፣ ግን ራሱ ስምምነቱ አሮጌ መሣሪያ ውስጥ ያለውን ከአገልግሎት ለማውጣት እስከ 2025 ጊዜ ነው የሰጠው! ህግ ፋብሪካውን ይዘጋል እንጂ የወጣውን አይለቅምም፣ ይሄ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ወንዝ ስር ደለል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እሺ፣ ጡቱ። የኦርካ ወተት ስብ በጣም የበዛበት ነው፣ እናትየዋ በእድሜዋ ያጠራቀመችውን ከወተቱ ጋር ለግልገሏ ታወርዳለች፣ ከሁሉም የሚብሰው የበኩሩ ነው። ወንዱ ማውረጃ ስለሌለው እስኪሞት ይከምራል። ስለዚህ ከእገዳው 40 ዓመት በኋላ የተወለደ ግልገል ከእናቱ ይወርሳል፣ እሷ ደግሞ ከእናቷ። የትኛው "ድሮ" ነው እንግዲህ?

ሉሉ የምትባለውን ልንገራችሁ። በ2016 ጥር ላይ ስኮትላንድ፣ ታይሪ ደሴት ዳር ሞታ የተገኘች ኦርካ ናት። በአንድ ኪሎ ስቧ 957 ሚሊግራም ፒሲቢ ተገኘ፣ ጉዳት ይጀምራል የሚባለው 9 ላይ ነው። እኔ ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው ነጥብ የተዘለለ ነበር የመሰለኝ። "ታዲያ መርዙ ገደላት?" ትሉኛላችሁ፣ አይ፣ የገደላት የአጥማጅ ገመድ ነው፣ ተጠምጥሞባት። ግን ቢያንስ 20 ዓመቷ ነበር፣ ስትመረመር አንዴም ወልዳ አታውቅም። የሷ መንጋ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ከ20 ዓመት በላይ ሲከታተሉ አንድ ግልገል አላዩም። ፒሲቢ ደግሞ መውለድን በማሰናከል ይታወቃል፣ ሰው ግን ሬሳ ካልቆጠረ አያምንም።

እኛ ጋ ያሉት ኦርካዎች፣ ሲያትል ዳር ወዳለው ፒውጀት ሳውንድ የሚባል የባህር ወሽመጥ የሚመጡት፣ ወደ 75 ናቸው። እነሱ ላይ ረሃብም አለ፣ ቺኑኩ ቀንሷል። ሰው ሲጾም ስቡ እንደሚቀልጠው ኦርካዋም ሲርባት ስቧን ታቃጥላለች፣ ያኔ ተቀምጦ የነበረው መርዝ ደም ውስጥ ይለቀቃል። "ረሃብ ነው እንጂ ኬሚካል አይደለም" የሚሉም አሉ፣ ሁለቱን ምን ለያቸው?

"በደንብ ካበሰልኩት ይጠፋል።" አይጠፋም። ግን ስቡ ውስጥ ስለሆነ ቆዳውንና ስቡን ቁረጡ፣ ጥብስ ከሆነ ስቡ እንዲንጠባጠብ አድርጉ፣ የተንጠባጠበውን ለወጥ አታውሉ። ሌላው የዓሣ መርዝ ሜርኩሪ ግን ስጋው ውስጥ ነው፣ ለሱ መቁረጥ አይረዳም። እዚህ ሲያትል ያለው የተበከለው ዱዋሚሽ ወንዝ ላይ የምታጠምዱ ደግሞ፣ እዛው የሚኖረውን ዓሣ ተዉት፣ ሳልመን መንገደኛ ስለሆነ ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ሰምታ "ታዲያ ጉላሹን በምን ልስራው?" አለችኝ። ባሏ በሰመር ከዛው ወንዝ ያመጣው አንድ ፌስታል ዓሣ ፍሪዘር ውስጥ አለ። ጣይው ብያታለሁ፣ እስካሁን እንዳልጣለችው አውቃለሁ።