የፒኤስኤ መዋዠቅ ምንድን ነው?

0.4፣ 0.7፣ 0.5። እነዚህ አንድ የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚ በስድስት ወር ውስጥ የተቀበላቸው ሦስት የፒኤስኤ የደም ምርመራ ውጤቶች ናቸው እንበል። በመጀመሪያው ቤተሰቡ ለቁስቋም የተሳለውን ያስገባል፤ በሁለተኛው ከቤቱ እንቅልፍ ይጠፋል፤ በሦስተኛው ደግሞ «ተመስገን» ይባላል። በሽታው ግን በእነዚህ ወራት ሁሉ ባለበት ቆሞ ሊሆን ይችላል። የፒኤስኤ መዋዠቅ የሚባለው ይህ ነው፦ ሕመሙ ሳይብስ ወይም ሕክምናው እየሠራ እያለ የደሙ ቁጥር ከአንዱ ምርመራ ወደ ሌላው ከፍ ዝቅ ማለቱ። እውነተኛ ጭማሪም አለ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት መለየት አይቻልም፤ ጭንቀቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፒኤስኤ የፕሮስቴት እጢ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የተፈጥሮ ሥራው የወንድ ዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው። ጤነኛው የእጢ ሕዋስም ካንሰር የያዘው ሕዋስም ይሠሩታል፤ ወደ ደም የሚያመልጠው መጠን በናኖግራም በሚሊሊትር ይለካል። አንድ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው የሚያነበው እጅግ ጥቂት ነገር ነው። በአሜሪካ ምርመራው በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲፈቀድ የተፈቀደው በሽታው የታወቀባቸውን ሰዎች ለመከታተል ነበር። ያልታወቀ በሽታን ለማግኘት እንዲረዳ የተፈቀደው በ1994 ነው። ክትትል ዋናና የመጀመሪያ ሥራው ነው ማለት ነው፤ ለክትትል ሲሆን ግን የሚነበብበት መንገድ ይለያል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በላቦራቶሪው ወረቀት ዳር «መደበኛ ከ0 እስከ 4» የሚል መስመር አለ። ይህ መስመር ፕሮስቴቱ ላልተነካ፣ ካንሰር ላልተገኘበት ሰው የተቀመጠ ነው። እጢው በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው 3 «መደበኛ» አይደለም፤ በ200 ጀምሮ የሆርሞን ሕክምና ላይ ሆኖ 6 ለደረሰ ሰው ደግሞ 6 ከፍተኛ የሚል ምልክት ቢታተምበትም ትልቅ ለውጥ ነው። ወረቀቱ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ውጭ ላለው ልጅ ሲላክ ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ምልክት ነው፤ ወዲያው ይደውላል፤ ቤቱ ይታወካል። እኔ ብጠየቅ በሕክምና ላይ ላሉ ሰዎች ያንን መስመር ከወረቀቱ አወጣው ነበር።

ቁጥሩን የሚያወዛውዘው ምንድን ነው? አንዳንዱ ከሰውነት የሚመጣ ነው። ምንም ሳይፈጠር ብቻ ውጤቱ ከቀን ወደ ቀን 15 በመቶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ 40 የነበረው 45 ቢሆን ከዚህ ወሰን አልወጣም። እጢው ላልወጣለት ሰው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የእጢው መቆጣት፣ ሽንት መታገድ፣ የሽንት ቱቦ መግባት፣ በቅርብ ከእጢው ሥጋ ተወስዶ የተደረገ የናሙና ምርመራ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ከግንኙነት በኋላም ለአጭር ጊዜ ሊጨምር ስለሚችል ከምርመራው በፊት ለሁለት ቀን መታቀብ ይመከራል። ይህን ለአባቱ የሚነግር ልጅ ጎንደር ውስጥ አይገኝም፤ ነርሷም ታፍራለች፤ ስለዚህ ሐኪሙ ራሱ ሳይጠየቅ ቢናገረው ይሻላል። ለእጢ ማበጥ የሚሰጠው ፊናስቴራይድ ደግሞ በተቃራኒው ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ያወርደዋል። ከአሜሪካ የሚላኩት የፀጉርና የጥፍር ክኒኖች በውስጣቸው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን በብዛት ካለ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን በሐሰት ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለዚህ «ቫይታሚን ብቻ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም፤ ለሐኪሙ ይነገር።

በጾም ወቅት የሚነሣው ጥያቄም አለ፦ ለምርመራው ባዶ ሆድ ያስፈልጋል ወይ? ለፒኤስኤ አያስፈልግም። በሁዳዴም በፍስክም ውጤቱ ያው ነው፤ ጠዋት የሚቀዳው አብሮ ሌላ ምርመራ ሊኖር ስለሚችል ነው።

ሌላው ምክንያት ላቦራቶሪው ነው። የተለያዩ ድርጅቶች መሣሪያዎች አንዱን ደም ሲለኩ ሃያ በመቶና ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። በሁለት ቁና የተሰፈረ ጤፍ እንደማይነጻጸር ሁሉ፣ ባለፈው አራዳ በሚገኝ የግል ላቦራቶሪ የተለካን ዛሬ በሆስፒታል ከተለካው ጋር አስቀምጦ «ጨመረ» ማለት አይቻልም። ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ተልኮ የሚሠራ ከሆነም የትኛው ቦታ እንደተለካ መጠየቅ ይገባል። አንድ ላቦራቶሪ «ከ0.1 በታች» ብሎ የሚያቆምበትን ሌላው 0.06 ብሎ ይጽፈዋል፤ ታካሚው «የጠፋው ተመልሶ መጣ» ብሎ ይደነግጣል፤ የተመለሰ ነገር ግን የለም፤ ሁለተኛው መሣሪያ ይበልጥ ጥቃቅኑን ስለሚያይ ነው። የሚቻል ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቦታ መመርመር ከብዙ ከንቱ ጭንቀት ያድናል። መሣሪያው ተበላሽቶ ወይም ግብዓቱ አልቆ ሌላ ቦታ መሄድ ካስፈለገም ያንን በወረቀቱ ጠርዝ በእጅ መጻፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የቁጥሩን ትርጉም የሚወስነው የተወሰደው ሕክምና ነው።

እጢው ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ከወጣ፣ ፒኤስኤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ መሣሪያው ሊያገኘው እስከማይችል ድረስ መውረድ አለበት። 0.2 ደርሶ በሁለተኛ ምርመራ ከተረጋገጠ ሐኪሞች በሽታው ተመልሶ ሊሆን ይችላል ብለው ያስባሉ። እዚህ ለመዋዠቅ ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

በጨረር የታከመ ሰው ሌላ ነው። እጢው ከነቦታው ስላለ ቁጥሩ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ላይ ለመድረስ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በመካከሉ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ከሕክምናው በኋላ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ዓመት፣ ያለ ምንም ሕክምና ከፍ ብሎ ራሱ የሚመለስ ጭማሪ ይታያል። ይህ በተለይ የጨረር ምንጩ በእጢው ውስጥ በሚቀመጥበት ሕክምናና በዕድሜ ወጣት በሆኑ ታካሚዎች ላይ ይበዛል። የጨረር ሐኪሞች ስለሚያውቁት ነው ቸኩለው የማይፈርዱት። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ በተስማሙበት መስፈርት ቁጥሩ ከደረሰበት ዝቅተኛ በ2 ናኖግራም ሲበልጥ ነው ተመለሰ የሚባለው። ዝቅተኛው 0.5 የነበረ ሰው 1.1 ቢመጣበት ገና እዚያ አልደረሰም። ችግሩ ጨረሩን አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ወስዶ ክትትሉን ጎንደር የሚያደርግ ሰው ይህን የሚነግረው ሐኪም ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ መቅረቱ ነው። የጨረሩን መጠንና የተጠናቀቀበትን ቀን የያዘው ማጠቃለያ ወረቀት ከታካሚው ጋር ካልመጣ፣ እዚህ ያለው ሐኪም በጨለማ ነው የሚያነበው።

በአካባቢያችን ብዙ ሰው ወደ ሆስፒታል የሚመጣው በሽታው ወደ አጥንት ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ፣ አብዛኛው የሚታከመው በሆርሞን ሕክምና ነው። ዓላማው ካንሰሩ የሚመገበውን ቴስቶስትሮን የተባለ የወንድ ሆርሞን መቁረጥ ነው፤ ወይ የዘር ፍሬ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ወይ እንደ ጎሰረሊን ያለ መርፌ በየአራት ወይም በየአሥራ ሁለት ሳምንቱ ይሰጣል። ቀዶ ሕክምናው ሆርሞኑን በሰዓታት ውስጥ ያወርደዋል። መርፌው ግን ከመውረዱ በፊት መጀመሪያ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ሊጨምር፣ የአጥንት ሕመሙም ሊብስ ይችላል። ይህንን ለመከላከል ነው እንደ ባይካሉታማይድ ያሉ ክኒኖች ቀድመው ወይም አብረው የሚሰጡት። ክኒኑን «መርፌው ይበቃኛል» ብሎ መተው ትልቅ ጥፋት ነው።

መርፌ ሲዘገይስ? መንገድ ሲዘጋ ከደባርቅ ወይም ከመተማ መምጣት አይቻልም፤ መድኃኒቱ ከመደብር ይጠፋል፤ አራት ሳምንት ስምንት ይሆናል። ቴስቶስትሮን ሲመለስ ፒኤስኤም ይከተለዋል። ይህ ጭማሪ መድኃኒቱ መሥራት አቆመ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ አልተሰጠም ማለት ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቴስቶስትሮኑን አብሮ መለካት ነው፤ በዴሲሊትር ከ50 ናኖግራም በታች ከሆነ ሕክምናው ሆርሞኑን ይዞታል፤ ከሆነም በኋላ ፒኤስኤ እየጨመረ ከቀጠለ ጉዳዩ ከባድ ነው። ያለዚህ ምርመራ ሕክምና መቀየር በግምት መሄድ ነው፤ ታካሚውም ለሐኪሙ «መርፌዬን ያዘገየሁት በዚህን ያህል ነው» ብሎ ሳያፍር መናገር አለበት።

ዶሴታክሰል የሚባለው ኬሞቴራፒ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሳምንታት ቁጥሩ ጨምሮ በኋላ ሊወርድ ይችላል። ሰውየው ካልባሰበት በዚያ ጊዜ ውስጥ በፒኤስኤ ብቻ ሕክምናውን ማቆም አይመከርም።

እንግዲህ ጭማሪው እውነተኛ የሚሆነው መቼ ነው? ተከታታይ ሲሆን። ሳምንታት ተቆጥረው የተደገመው ሁለተኛው ከፍ ካለ፣ ሦስተኛውም ከዚያ በላይ ከሆነ አቅጣጫ አለው። ከዚያ የሚጠየቀው ፍጥነቱ ነው፤ ቁጥሩ እጥፍ ለመሆን ስንት ጊዜ ወሰደበት? ከ2 ወደ 4 በሦስት ወር የሄደና በሁለት ዓመት የሄደ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። የሆርሞን ሕክምናን የተቋቋመና ገና በምስል ያልታየ ካንሰር ላለበት ሰው በአሥር ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እጥፍ መሆኑ ለተጨማሪ መድኃኒት የሚያሳስብ መለኪያ ነው። በዚህ ስሌት 0.05 ወደ 0.08 መሄዱ በመቶኛ ሲሰላ ያስፈራል፤ በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ላይ ግን የመሣሪያው ስሕተት ብቻውን ሊያደርገው ይችላል።

ፍጥነት ለማስላት ቀን ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የኛ አገር ጣጣ ይመጣል። ቀጠሮው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የላቦራቶሪው መሣሪያ በአውሮፓውያን ያትማል። 2/3 ፌብሩዋሪ 3 ነው፣ ኅዳር 2 ነው፣ ወይስ ማርች 2? አንድ ትንሽ ደብተር ገዝቶ ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር መጻፍ፣ ከጎኑ ላቦራቶሪውን፣ ቁጥሩን፣ ቴስቶስትሮኑን፣ መርፌ የተወጋበትን ቀን፣ በዚያ ሳምንት ሽንት አቃጥሎ እንደነበር ማስፈር፤ ለሐኪሙ ከአንድ ኪስ ሙሉ የተጣጠፈ ወረቀት ይህ ይጠቅመዋል።

ጭንቀቱስ? ደም ከተሰጠበት እስከ ውጤቱ ያሉት ቀናት ከመርፌው ሁሉ ይከብዳሉ። በኛ ዘንድ ደግሞ ወረቀቱን የሚቀበለው ልጅ ነው፤ አባት ይጠይቃሉ፣ «ስንት ሆነ ልጄ?» «ደህና ነው አባቴ፣ አይጨነቁ።» አባት የልጃቸውን ፊት ሐኪሙ ፒኤስኤውን ከሚያነበው በተሻለ ያነቡታል። መደበቁ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ሳይነገራቸው በቀረ ቁጥር በልባቸው የሚገምቱት ከወረቀቱ የባሰ ነው። ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ማን እንደሚቀበለው፣ ለማን እንደሚነገር፣ ከፍ ካለ የሚቀጥለው እርምጃ መድገም ብቻ መሆኑን ከእሳቸው ጋር መስማማት ድንጋጤውን ይቀንሰዋል። በየሦስት ወሩ የታዘዘን በየሳምንቱ ማስደረግ ደግሞ ገንዘብ ይበላል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም፤ የሚጨምረው ውዥዋዜውን ነው። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መርፌውን ግን በቀኑ ይውሰድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ቁጥሩ የማይታመንበት አቅጣጫም አለ። አንዳንድ ካንሰር ፒኤስኤ ሳይጨምር ይብሳል። በሕክምና ላይ ያለ ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ከተሰማውና እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው አከርካሪው እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ያኔ ያለፈው ሳምንት 0.3 መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ነው፤ መራመድ ከቆመ በኋላ መመለሱ አስቸጋሪ ነውና።