ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰቅላ ለምን ትቀራለች? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አራት ሜትር ተኩል የምትሆን የዓሣ ጀልባ እናስብ። ከኋላዋ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ውስጧ ሁለት ሰው፣ መረብና የበረዶ ሳጥን። ነዳጅ ሲሰጣት አፍንጫዋ ይሰቀላል፣ ኋላዋ ይሰምጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መንገድ ግን የለም። መሆን የነበረበት ሌላ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ከሥር ይገፋታል። ራሷ የፈጠረችውን ማዕበል ትሻገርና ውሃውን መሰንጠቋን ትታ በላዩ ላይ ትንሸራተታለች፣ «ወጣች» የሚባለውም ይሄ ነው። ያኔ አፍንጫዋ ይወርዳል፣ የሞተሩም ድምፅ ይቀላል። ይሄ እምቢ ሲል ሐይቁ ዳር ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። ከምክሩ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ግን ገንዘብ ከማስወጣት ያለፈ ፋይዳ የለውም።

«ሞተሩ አቅም የለውም፣ ትልቅ ይገዛ»

መጀመሪያ የሚባለው ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ መታሰብ ያለበትም ይሄው ነው። ቀላል ጀልባ እንድትንሸራተት ለ1 ፈረስ ጉልበት ከ18 እስከ 23 ኪሎ የሚል የቆየ የግምት ስሌት አለ። በዚህ ከሄድን 15 ፈረስ ጉልበት ከ270 እስከ 345 ኪሎ ይችላል። ጀልባዋ 130፣ ሞተሩ 45፣ ቤንዚኑ 20፣ ሁለት ሰው 130 ብንል 325 ኪሎ ሆነ። ጠርዝ ላይ ናት ማለት ነው። 60 ኪሎ መረብና በረዶ ሲጨመርባት አለቀላት።

ጠርዝ ላይ ላለች ጀልባ ደግሞ ትንሽ ማስተካከያ ብዙ ይለውጣል። ትልቅ ሞተር ጉልበት ቢጨምርም ክብደቱንም ይዞ ነው የሚመጣው፣ ያውም ኋላዋ ላይ። አምራቹ ከፈቀደው ጉልበት በላይ ከተሰቀለባት ሞተሩ የታሰረበት ጀርባዋ ሊሰነጠቅ ይችላል።

«15 ፈረስ ጉልበት የትም 15 ነው»

በእኔ አስተያየት እኛ አገር በጣም የሚዘነጋው ይሄ ነው። ሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ጣና ግን ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ይላል። ሐዋሳና ዝዋይም ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፣ በየ300 ሜትሩም 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጠፋል። ጣና ላይ ሲደርስ 18 በመቶ ሆነ። 15 የተባለው ሞተር ከ12 ብዙም አይዘልም። ጫሞ ወደ 1,100 ሜትር ስለሆነ ጉዳቱ ይቀላል። አርባ ምንጭ ላይ ደህና የምትወጣ ጀልባ ባሕር ዳር ላይ ብትለግም አይግረማችሁ። ዱባይ ያለው ዘመድም «የእኔ በ15 ፈረስ ትበራለች» ሲል እየዋሸ አይደለም፣ እሱ ያለው ባሕር ጠለል ላይ ነው።

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ሞተር ሌላም ጣጣ አለበት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበትና ይታፈናል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ አምራቹ ለከፍታ ቦታ ባዘዘው ጠበብ ያለ መቀየር ነው። ሞተሩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ከተወሰደ ግን የድሮው መመለስ አለበት፣ አለበለዚያ ቤንዚን አንሶት ይቃጠላል። ኢንጄክሽን ያለው፣ ማለትም ቤንዚኑ በኤሌክትሮኒክስ እየተመጠነ የሚረጭለት ሞተር፣ ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል። የጠፋውን ጉልበት ግን እሱም አይመልሰውም።

«ትልቅ ፒች ያለው ፕሮፔለር ያፈጥናል»

ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው የሞተሩ ክፍል) ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፣ ሁለቱም በኢንች። አንዱ ስፋቱ ነው። ሌላው ፒች የሚባለው ነው፦ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ ውሃው ምንም ባያመልጠው፣ ወደፊት የሚሄደው ርቀት። ፒች 11 ማለት 28 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እንደ መኪና ማርሽ ያዩታል፦ ትልቁ ፒች አምስተኛ፣ ትንሹ ሁለተኛ። ዳገት በአምስተኛ ተነስቶ የወጣ ሹፌር የለም።

ፕሮፔለሩ ይመጥን እንደሆነ በግምት አይታወቅም፣ ዙር ቆጣሪ ያስፈልጋል። ካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ርካሽ ዲጂታል ይበቃል። ጀልባዋን እንደ ሥራ ቀን ጭናችሁ ሙሉ ነዳጅ ስጧት። የሞተሩ መመሪያ በሙሉ ነዳጅ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ይላል እንበል። ቆጣሪው 4,400 ላይ ከቆመ ፕሮፔለሩ ሞተሩን ከብዶታል። ፒች በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከ11 ወደ 8 ብትወርዱ 5,000 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጠው እዚያ ነው። ከፍታ ለወሰደው ጉልበት ከዚህ የረከሰ መልስ አላውቅም። ባዶዋን ስትሄድ ከጫፍ ፍጥነቷ ትንሽ ታጣለች፣ ያን ጊዜም ዙሩ ከ6,000 እንዳያልፍ ነዳጁን ቀነስ ማድረግ ነው።

«አፍንጫዋ ከተሰቀለ እየፈጠነች ነው»

ፎቶ ላይ ያምራል። እውነቱ ግን የራሷን ማዕበል ዳገት መውጣት አቅቷት ተንጠልጥላ ነው። ሞተሩ ጀልባዋን ከያዘበት መቆንጠጫ ታች፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ። በመካከላቸው አንድ የብረት ፒን ያልፋል፣ የሞተሩን ዘንበል የሚወስነው እሱ ነው። ብዙ ሞተር ላይ ይህ ፒን ከተገዛ ጀምሮ ስላልተነካ ዝጎ ተጣብቋል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ ፒኑን ምዘዙና አንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባዋ ጀርባ አስጠጉት። ያኔ ግፊቱ ኋላዋን ያነሳል፣ አፍንጫዋንም ያወርዳል። ከልክ በላይ ካስጠጋችሁት ጀልባዋ ውሃውን በአፍንጫዋ ታርሳለች፣ መሪውም ይከብዳል። በጣም ካራቃችሁት ደግሞ ከወጣች በኋላ ወደ ላይ ወደ ታች ትዘላለች። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ሙከራ፣ ያው ጭነት። ሞተር ማጥፊያው ገመድ እጅ ላይ ይታሰር፣ በሙከራ ሰዓት ቆሞ የሚያይ ሰውም አይኑር።

«ዕቃው ከኋላ ሲሆን አፍንጫዋ ይቀላታል»

ተቃራኒው ነው። ሞተሩ፣ ነጂው፣ የቤንዚን ታንኩና ባትሪው ሁሉም በመጨረሻዋ አንድ ሜትር ውስጥ ታጭቀው ኋላዋ እንዴት ይነሳ? ረዘም ያለ የቤንዚን ጎማ ገዝቶ ታንኩን ወደ መሃል መግፋት፣ በረዶውን ከመሃል ፊት ማድረግ፣ መሪው እጀታ ላይ ማራዘሚያ ዱላ ገጥሞ ነጂውም ጠጋ ብሎ መቀመጥ፤ ወጪው ከአንድ ጎማና ዱላ አያልፍም። ሁሉን ወደ ፊት መጠቅጠቅም ግን በማዕበል ላይ አደጋ ነው።

ከሥር የተጠራቀመውንም ውሃ ቅዱት። 40 ሊትር ማለት 40 ኪሎ ነው፣ ያውም አፍንጫዋ ሲነሳ ሮጦ ወደ ኋላ የሚሄድ። በድሮ ፋይበር ጀልባ ወለል ሥር ያለው ስፖንጅም ለዓመታት ውሃ ሲጠጣ ሊከርም ይችላል። ጀልባዋ ከዓመት ዓመት የከበደች ከመሰላችሁ ይሄንን ጠርጥሩ።

«ሞተሩ በጠለቀ ቁጥር ይሻላል»

ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባዋ ሥር እኩል ወይም በጣት ያህል ከፍ ብሎ መሆን አለበት። የሞተር እግር (ወደ ውሃ የሚወርደው ክፍሉ) አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ረጅሙን ለአጭር ጀርባ መስቀል ማለት 13 ሳንቲሜትር ብረት ውሃ ውስጥ መጎተት ነው። ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ፕሮፔለሩ አየር ይስብና ሞተሩ በባዶ ይጮኻል።

«ሞተሩ ከጮኸ ጉልበቱ አለ ማለት ነው»

ጩኸት ብቻውን ምንም አይናገርም። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣናን የወረረው እንቦጭ እግሩ ላይ ሲጠመጠም ፕሮፔለሩ የሚያገኘው ውሃ ይረበሻል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውም ይደፈናል። ሌላው ተጠርጣሪ በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለው ጎማ ነው። ከላላ ሞተሩ ይዞራል፣ ፕሮፔለሩ ግን ሙሉ በሙሉ አይከተለውም። መፈተሻው ቀላል ነው። ከውስጠኛው ቀለበት እስከ ውጪኛው አንድ የቀለም መስመር አስምሩና ጭናችሁ ሂዱ። ስትመለሱ መስመሩ ተሰብሮ ሁለት ቦታ ከሆነ፣ ጎማው ሄዷል።

«ክንፍ ይገጠምላት»

ሳህኑ ላይ የሚታሰረው የፕላስቲክ ክንፍ ኋላዋን ስለሚያነሳ በዝቅተኛ ፍጥነት እንድትወጣ ይረዳል። ግን ተራው ከፒኑ፣ ከጭነቱና ከፕሮፔለሩ በኋላ ነው። አንዳንዱ ሳህኑን መብሳት ይጠይቃል፣ የተበሳ ደግሞ አይመለስም።

«ቀስ ማለት ሁሌም ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጉልበት ካለ ደግሞ የትኛዋም ጀልባ ትወጣለች»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሥሯ ኋላ ላይ ክብ ሆኖ ወደ ላይ የሚታጠፍ ጀልባ ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ራሱ ኋላዋን ወደ ታች ይስባታል። ገዳማት የሚያደርሱት ከባድ የጣና ጀልባዎችም ለርጋታ እንጂ ለመንሸራተት የተሠሩ አይደሉም። እነሱ ላይ ትልቅ ሞተር መስቀል ማዕበል ማምረት ነው። ለመንሸራተት ጠፍጣፋ ሥርና ሰፊ ጀርባ ያስፈልጋል።

ለአራት ሜትር ተኩል ጀልባ የዝግታው ጣሪያ፣ ማለትም ሳትወጣ ውሃውን እየሰነጠቀች ሳትጨነቅ የምትሄድበት የመጨረሻ ፍጥነት፣ በሰዓት 9 ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች ትንሽ ትጠጣለች፣ ከወጣች በኋላም ሂሳቡ ደህና ነው። ቤንዚን የሚበላው መሃሉ ነው፣ አፍንጫዋ ተሰቅሎ በሰዓት በ12 እና በ15 ኪሎ ሜትር የምትጎተትበት። ስለዚህ ዓሣ ሞልቶ ስትመለሱ መውጣት ካቃታት አታስጨንቋት። ከኋላ የሚከተላችሁ ማዕበል እስኪተኛ ድረስ ነዳጁን ቀንሱ፣ በዚያው ፍጥነት ግቡ።