«ውሃው ጠርቷል፣ ጠጡ»፦ ስለ ሐይቅና ግድብ ውሃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ሐይቅ ከተማን ሳትረግጡ አታልፉም፤ ሐይቁንም አይቶ «አቤት ውሃ!» ያላለ የለም። ግን ስለ እሱም ሆነ በየወረዳው ለመስኖ ስለተሠሩት ግድቦችና ኩሬዎች የሚወራው ብዙው ልክ አይደለም። በተለይ ውሃው ውስጥ ስለሚዋኙት ደቃቅ እንስሳት፣ ዙፕላንክተን ስለሚባሉት።

«ከጠራ ንጹሕ ነው»

አይደለም። የኮሌራ ተህዋስም የፀረ ተባይ ኬሚካልም በዓይን አይታይም። አረንጓዴ የሆነ ውሃ ሁሉ ደግሞ መርዝ አይደለም። አረንጓዴው አልጌ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ ተክል መሰል ነገር ነው፤ ዙፕላንክተን የሚበላው እሱን ነው። የሚያሳስበው አልጌው ከልክ ሲያልፍ ነው።

«የሚንቀሳቀስ ነገር ካየህበት ተበላሽቷል»

ይሄን ያልሰማ የለም። እስቲ ከኩሬ አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። እየዘለለ ከፍ ዝቅ የሚለው ነጭ ነጥብ ዳፍኒያ ነው። ቀጥ ብላ ቆማ ቆማ ድንገት የምትፈናጠረዋ ኮፔፖድ ናት፤ ሴቷ ብዙ ጊዜ ከጭራዋ ግራና ቀኝ ሁለት የእንቁላል ከረጢት ታንጠለጥላለች። ከሁሉም የሚያንሱት ዙፕላንክተኖች፣ ሮቲፈሮቹ፣ ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ዳፍኒያ መኖሩ እንደውም ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው፤ መርዝ ቶሎ ስለሚጎዳው በዓለም ዙሪያ የውሃ መርዛማነት መፈተኛ ያደረጉት ለዚህ ነው።

ቢልሃርዚያም ከእነሱ አይመጣም። እሱ የሚመጣው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ነገር ግን ጥሬውን ጠጡ ማለቴ አይደለም! ጋምቤላ ውስጥ የታየው የጊኒ ትል የሚገባው ኮፔፖድ ያለበት ውሃ ሲጠጣ ነው፤ የኮሌራ ተህዋስም ኮፔፖድ ላይ ይጣበቃል። ባንግላዲሽ ውስጥ ሴቶች አሮጌ ሳሪ (የሚጠቀለል የሴቶች ልብስ) አራት እጥፍ አድርገው ውሃ ሲያጠሉ ኮሌራ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ማጥለል ይጠቅማል፣ ማፍላት ደግሞ ይበልጣል።

«ብዙ ከሆኑ ውሃው ጤነኛ ነው»

ብዛቱን ብቻ አትዩ፣ ዓይነቱንም ቁጠሩ። ክረምት ገብቶ ጎርፉ ከማሳ ማዳበሪያና እበት ጠርጎ ሲያመጣ አልጌው ይፈላል፤ ያኔ ብራኪዮነስን የመሳሰሉ ቻይ ሮቲፈሮች እንደ ጉድ ሊባዙ ይችላሉ። ቁጥሩ ሰማይ ነካ፣ ዓይነቱ ግን ሁለት ሦስት ቀረ። ደለሉም አለ፤ አልጌ አጣርቶ የሚበላው ዳፍኒያ አፈሩንም አብሮ እየዋጠ ይቸገራል።

«ዓሣ መጨመር ምንጊዜም ትርፍ ነው»

ለገበያው አዎ። ሐይቅ ላይ ቆሮሶ የተለቀቀው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዛሬ ስንቱ አስጋሪ በእሱ ይተዳደራል። ግን ትንንሹ ቆሮሶ ዙፕላንክተን ይለቅማል፣ በዓይኑ እየመረጠ ስለሚበላም ትልልቁና ቀርፋፋው ዳፍኒያ ቀድሞ ያልቃል። አልጌውን የሚበላው ሲያንስ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ተመራማሪዎች ከዓሣው በኋላ የሐይቁ ውሃ እንደ ቀድሞው የጠራ አለመሆኑን ጽፈዋል፤ አንዱ ተጠርጣሪም ይሄው ነው። ሁሉንም ዓሣው ላይ መላከክ ግን አይገባም። ዙሪያው ታርሷል፣ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዝ ይገባበታል፣ እሱ ራሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ጎርፍ ያመጣው ማዳበሪያ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ለእኔ ከዓሣው ይልቅ ተዳፋቱ ነው የሚያሳስበኝ፤ እርከንና ዛፍ በሌለበት ስለ ዓሣ ብቻ ማውራት ነገሩን ማቅለል ነው።

«ኩሬው ከደረቀ ሁሉም አለቀ»

አላለቀም። ዳፍኒያና ሮቲፈር ክፉ ቀን ሲመጣ ጠንካራ እንቁላል ይጥላሉ፤ ጭቃው ውስጥ ጎተራ እንደገባ ዘር ለዓመታት ይቆያል። ዝናብ ሲመጣ ይፈለፈላል። ኩሬ ሲጠረግ ጭቃውን በሙሉ አውጥቶ የሚጥል ሰው ይሄን ዘር አብሮ ይጥላል።

«አንድ ጆግ ቀድቶ ማስመርመር ይበቃል»

የኬሚካል ምርመራ የዚያችን ሰዓት ውሃ ይነግራችኋል። ዙፕላንክተኑ ደግሞ ያለፉትን ሳምንታት ይነግራችኋል። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ቀን ወደ ጥልቁ ወርደው ሌሊት ወደ ላይ ይወጣሉ። በጠራራ ፀሐይ ከዳር የቀዳ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ደቃቅ ወንፊት ያለውን መረብ ከመሃል፣ ከታች ወደ ላይ መሳብ ነው፤ በበጋም በክረምትም፣ ከተቻለ ማታም ጭምር።