ፐርሰናል ስቴትመንት ምንድን ነው? (ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አይደለም)

ሰሞኑን አንድ መካሪ ወደ ውጭ ለሕክምና ትምህርት የሚያመለክቱ ልጆችን፣ ከማመልከቻው ጋር ስለሚላከው ስለ ራስ የሚጻፍ ጽሑፍ (ፐርሰናል ስቴትመንት) ሲመክር፣ «ምንም ነገር አትተዉ፤ የሚተው ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ነው» ሲላቸው ሰማሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን ባለፍኩት። ግን ይህቺው ምክር መልኳን እየቀያየረች ትመጣለች። «ታሪክህን ሁሉ አውጣው»፣ «ካላስለቀስካቸው አይቀበሉህም»፣ «አንዲት ነገር እንዳትቀር»። ልጆቹ ደግሞ ምክሯን አምነው ስድስት ገጽ ጽፈው እኔ ጋ ይመጣሉ።

እኔ ሐረር የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ከዚህም ከድሬም ወደ ውጭ የሚያመለክቱ ልጆች ረቂቃቸውን እንድመለከትላቸው ይሰጡኛል። የማመልከቻ አካውንት እንዴት እንደሚከፈት፣ የትኛው ፈተና እንደሚያስፈልግ ግን አላወራም። እሱን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ፐርሰናል ስቴትመንት ሁለት ጥያቄ የሚመልስ አጭር ጽሑፍ ነው። ይህን ሙያ ለምን መረጥክ? ምርጫህንስ በምን ፈተሽከው? በቃ። ችግሩ እኛ ጋ ይህ ነገር አለመለመዱ ነው። አገር ውስጥ ሕክምና የሚገባው በአብዛኛው በ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትና በምደባ ነው። ድርሰት ጻፍ የሚል የለም። ስለዚህ ልጁ የሰው ሕይወት ተጽፎ ሲነበብ የሰማው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቀብር ላይ። «ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት፣ ከአባቱ ከአቶ እገሌ…» ተብሎ የሚነበበው። ረቂቁም እንደዚያው ይጀምራል። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ስንተኛ ወጣ፣ ምን ተሸለመ። የቀረው «ነፍሱን ይማር» ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መተው መደበቅ አይደለም። ድሬዳዋ የቡና መጋዘን አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ለቃሚዎቹ ሴቶች መጀመሪያ ድንጋዩን፣ የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ያወጣሉ። ሰው «መተው» ሲባል የሚገባው ይህ ብቻ ነው፤ መጥፎውን መጣል። የሐረር ቡና ግን ሌላም መለያ አለው። ረጅም ፍሬው ለብቻ፣ አጭሩ ለብቻ፣ ሞካ የሚባለው ክቡ ፍሬ ለብቻ። ሞካ ብልሽት የለበትም። እንዲያውም እሱን ፈልጎ የሚመጣ ገዢ አለ። የረጅሙ ፍሬ ጆንያ ውስጥ ከገባ ግን ምጣድ ላይ እኩል አይቆላም። ስለዚህ ይወጣል። የወጣው ጆንያው ሌላ ስለሆነ ነው።

አመልካቹም ብዙ ጆንያ ተሰጥቶታል። ለአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ የሆነውን አምካስን እንውሰድ። ውጤትህ የራሱ ጆንያ አለው፤ ትራንስክሪፕት ይባላል። የሠራሃቸው ሥራዎችና የበጎ ፈቃድ አገልግሎቶች 15 ቦታ አላቸው፤ እያንዳንዱ እስከ 700 ካራክተር (ፊደሉም ምልክቱም ይቆጠራል)። ትጉህና ሰው አክባሪ መሆንህን የሚናገረው መምህርህ ነው፤ የምክር ደብዳቤው የእሱ ጆንያ ነው። ያለፍክበት ከባድ የኑሮ ችግር ካለ፣ እሱም ለብቻው የሚጻፍበት ቦታ ተበጅቶለታል። ስቴትመንቱ ራሱ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 5,300 ካራክተር ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ትራንስክሪፕቱን ደግመህ ስትዘረዝር ሞካውን ረጅሙ ፍሬ ላይ ደፋኸው ማለት ነው።

ምሳሌዬ የሚያነክሰውም እዚህ ላይ ነው። ለቃሚዋ ድንጋዩን ወርውራ መርሳት ትችላለች። አመልካች አይችልም። ኮሌጅ ውስጥ በኩረጃም ሆነ በሌላ ጥፋት ተቀጥተህ ከሆነ፣ አምካስ በቀጥታ የሚጠይቅበት ክፍል አለው። እዚያ «የለም» ማለት ውሸት ነው፤ ከተቀበሉህ በኋላ እንኳ ሊያስባርርህ ይችላል። በስቴትመንቱ አለማንሳት ግን መብትህ ነው። ያ መካሪ ያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው። በተጠየቅክበት ቦታ መልስ፤ ባልተጠየቅክበት ቦታ ራስህን አትክሰስ።

እንግሊዞቹ ጋ ነገሩ ትንሽ ቀሏል። የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ የሚቀበለው ዩካስ በ2026 (እ.ኤ.አ.) ከሚገቡ ተማሪዎች ጀምሮ አንዱን ረጅም ድርሰት በሦስት ጥያቄ ከፍሎታል። ይህን ትምህርት ለምን ፈለግክ፣ ትምህርትህ እንዴት አዘጋጀህ፣ ከትምህርት ውጭስ ምን አደረግክ? በድምሩ 4,000 ካራክተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ከ350 ማነስ የለበትም። የትውልድ ታሪክህን የጠየቀ እንደሌለ ልብ በሉ።

አንድ ረቂቅ ቀረብ ብለን እንይ። የአንድ ሰው እንዳይሆን የተለያዩ ልጆችን ጽሑፍ አንድ ላይ ሰፍቼዋለሁ። ድሬ ሳቢያን አካባቢ የምትኖር ልጅ ናት እንበል። አያቷ ስኳር አለባቸው። ስኳር ኩላሊትንና ዓይንን እንዴት እንደሚጎዳ አሥር መስመር ትጽፋለች። የአባቷ ሐዘን አራት መስመር። አምቡላንስ የጠፋበት ሌሊት ሰባት መስመር። መሐል ላይ እንዲህ የምትል ግማሽ መስመር ተቀብራለች፦ «መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልዬ እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ አኖረው ነበር፤ ሙቀቱንም ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር።»

ኧረ ልጄ! ስቴትመንትሽ ይቺ ናት። የኩላሊቱን ነገር አንባቢዎችሽ ሐኪሞች ናቸው፣ ያውቁታል። አምቡላንሱ ያሳዝናል፤ ግን አንቺን አያሳይም። መብራት ሲጠፋ ያሰበችው፣ የሞከረችው፣ የመዘገበችው አንቺ ነሽ። ያንን ለምን እንዳደረግሽ፣ ደብተሩ ላይ ምን እንዳየሽ፣ ከዚያ በኋላ ማንን ሄደሽ እንደጠየቅሽ ጻፊ። ሌላው ይውጣ።

(ሐኪም ነኝና ሳልጠየቅ ልጨምር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በክፍል ሙቀት 28 ቀን ገደማ ይቆያል፤ የክፍል ሙቀት ሲባል ግን የድሬ ቀትር ማለት አይደለም። ሸክላው ጥሩ መላ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል።)

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ የታካሚ ነገር። «ስም አልጠቀስኩም እኮ ዶክተር» ይሉኛል። ስም መተው ምን ዋጋ አለው? «ባለፈው ረመዳን ከባቢሌ የመጣች፣ እባብ የነደፋት የ14 ዓመት ልጅ» ብለህ ከጻፍክ ጀጎል ውስጥ ግማሹ ሰው የማን ልጅ እንደሆነች ይነግርሃል። የአሜሪካ የታካሚ ምስጢር ሕግ አንድን ሰው ያሳውቃሉ ብሎ የዘረዘራቸው ነገሮች 18 ናቸው። ስም አንዱ ብቻ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ በቀር ቀኑም፣ ከስቴት ያነሰ የቦታ ስምም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሕጉ እናንተን ባይገዛም አንባቢዎቻችሁ በእሱ የሰለጠኑ ናቸው። የታካሚን ምስጢር ገና ሳይገባ የሚበትን ልጅ ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ ገምቱ። ዕድሜውን፣ ወሩን፣ መንደሩን ተዉት። ያ ሰው ያስተማራችሁ ነገር ይቆይ።

እኛ ጋ ጉብዝና፣ እነሱ ጋ ጥፋት የሚሆን ነገርም አለ። «በበጎ ፈቃድ ሳገለግል መርፌ ወጋሁ፣ ቁስል ሰፋሁ።» ቤተሰብ ይኮራል። አንባቢው ግን ሳይሰለጥን በሽተኛ ላይ እጁን ያሳረፈ ልጅ ነው የሚያየው። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በዚህ ጉዳይ መመሪያ አውጥቷል፤ ካልሰለጠናችሁበት ሥራ ራቁ ይላል። ከጽሑፉ አውጡት፤ ከዚያ በፊት ግን ሥራውንም አቁሙ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ዶክተር መሆን እመኝ ነበር» ይውጣ። እዚህ አገር አንደኛ የወጣ ልጅ ሁሉ «ዶክተር ትሆናለህ» ሲባል ነው የሚያድገው፤ አንተን ከማንም አይለይህም። ስለ ኢትዮጵያ የሐኪም እጥረት የሚያወራው አንቀጽ ይውጣ። የሕክምና አባት የሚባለው ሂፖክራተስም ይውጣ፤ እሱ አላመለከተም። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም እንዳትጠሩ፤ አንዱ ጽሑፍ ለመረጣችኋቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ነው የሚሄደው። በሽተኛውን በደንብ አላየም ያላችሁትን ሐኪም መውቀስም ይቅር። እውነት ቢሆን እንኳ አንባቢው የእሱን ወገን አልሰማም።

የራሳችሁ ሕመምስ? ድብርት፣ የሚጥል በሽታ፣ ምንም ይሁን። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ መናገር ግን ግዴታ አይደለም። ለሙያው ያላችሁን ምክንያት ካላስረዳ ተዉት። ካስረዳ ደግሞ ስለ ሕመሙ ሁለት መስመር፣ ከዚያ በኋላ ስላደረጋችሁት አሥር መስመር። ማስለቀስ የሚያስገባ ከሆነ፣ ያ መካሪ ተማሪ የሚመርጠውን ኮሚቴ ለቅሶ ቤት አድርጎታል ማለት ነው። እነሱ አንድ ቀን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል ብቻውን ሊተዉት የሚችሉት ሰው ነው የሚፈልጉት።

ዩካስ ለሕክምና የሚዘጋው ኦክቶበር 15፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት «ዶክተር፣ አንዴ እይልኝ» የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። ያኔ ፊደል ከማረም ያለፈ ላደርግለት የምችለው የለም። እባካችሁ መስቀል ሳይደርስ ላኩልኝ።