የዱቄት የእሳት እራት፦ የሚበረውን ትታችሁ የሚድኸውን ፈልጉ

የዱቄት ፋብሪካ ወይም የእህል መጋዘን ያለው ሰው ሲደውልልኝ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እነዚህን የሚበሩትን የሚጨርስ ምን ልርጭ?» ስህተቱ ከጥያቄው ይጀምራል። አስረድቼ ስልኩን ስዘጋ ሌላው ያንኑ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች እዚህ አንድ በአንድ አነሳቸዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ሌላውን ሥራ ሁሉ ከንቱ የሚያስቀረው እሱ ነውና።

«ዱቄቱን የሚበሉት የሚበሩት ናቸው»

አይደሉም። ክንፍ ያወጣች የዱቄት የእሳት እራት የሚያኝክ አፍ የላትም፤ ዱቄት አትበላም። በሕይወት የምትቆየው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ያም ለመራባትና እንቁላል ለመጣል የተሰጣት ጊዜ ነው። ክንፍ አውጥታ ከጎጆዋ እንደወጣች ብዙም ሳትቆይ ከወንዱ ጋር ትገናኛለች፤ አብዛኛውን እንቁላሏንም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ትጥላለች። አንዲት ሴት ከ100 እስከ 300 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንግዲህ ግድግዳ ላይ አርፋ አግኝታችሁ የገደላችኋት የእሳት እራት ምናልባት ሥራዋን የጨረሰች ነበረች።

የሚበላው እጩ ነው፤ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ጭንቅላቱ የጠቆረ ትል። ከእንቁላል ሲወጣ በዓይን ማየቱ ያስቸግራል፤ አድጎ ሲጨርስ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቦታ 40 ቀን ያህል እየበላ ይኖራል። ለዱቄት ፋብሪካ ግን ከሚበላው ይልቅ የሚፈትለው ድር ይብሳል። ትሉ በሄደበት ሁሉ ድር እየፈተለ፣ ራሱንም በድር ቱቦ ሸፍኖ ነው የሚመገበው። ዱቄቱ በድሩ እየተያያዘ ይጓጉላል፤ መተላለፊያ ቱቦ ይደፍናል፤ የወንፊቱን ዓይን ይሸፍናል፤ እህልና ዱቄት ወደ ላይ በሚያነሳው ኤሌቬተር ባልዲዎች ላይ ይጠመጠማል። በዚህ ምክንያት ሥራ አቁመው ማሽናቸውን ለመፍታት የተገደዱ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው።

ይህች የእሳት እራት የወፍጮ ጠላት ሆና የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1877 በጀርመን አገር አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ስትገኝ ነው። ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው በ1879 ሲሆን፣ ኤፌስቲያ ኩኒኤላ ትባላለች፤ የስሟ ሁለተኛ ክፍል የተወሰደው ካገኛት ከጀርመናዊው የእርሻ ሊቅ ከዩሊዩስ ኩን ነው። ዘመኑ በብረት ሮለር የሚፈጩ ፋብሪካዎች የተስፋፉበት ነበር። ሮለር ያለው ማሽን ሞቃት ነው፤ ዙሪያው የተዘጋ ነው፤ ዱቄት ተጠራቅሞ የሚቀርበት ጥግም ሞልቶታል። ለትሉ ከዚህ የተሻለ መኖሪያ የለም።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አዳራሹን በየጊዜው ማታ ማታ በመርዝ ጉም ይሞሉታል። ጠዋት ወለሉ ላይ የረገፉትን ይጠርጋሉ፤ ባለቤቱም የረገፉትን እያሳየኝ «መድኃኒቱ ሠርቷል» ይለኛል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ጣሪያው መልሶ ይሞላል። የኤሌቬተሩ ሥር እንዲከፈት ጠየቅሁ። ሳጥኑ ሲከፈት ድርና ዱቄት ተደራርቦ የሠራው ድርብርብ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ። በውስጡ ገና የተፈለፈለ ትል፣ ያደገ ትል፣ በድር ጎጆ ተኝቶ ክንፍ ሊያወጣ የተዘጋጀ፣ ሁሉም ነበሩ። ጉሙ እዚያ ደርሶ አያውቅም። አየር ላይ የሚረጭ መድኃኒት አየር ላይ ያለውን ይመታል፤ ከዱቄት ክምርና ከድር ውስጥ አይዘልቅም። ለመርዙ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ሁሉ የሚመታው የማይበላውን ወገን ነበር።

ስለዚህ መፈለግ ያለበት ዱቄት የሚቀርበት ቦታ ነው። የኤሌቬተር ሥርና ራስ፣ የማጓጓዣ ብሎኑ የመጨረሻ ጫፍ፣ የወንፊት ሳጥን ክፈፎች፣ የሮለሩ ሽፋን ውስጠኛ ጎን፣ ቱቦ የሚታጠፍበት ክርን፣ የአቧራ ማጣሪያ ከረጢቶች፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ፣ የወለልና የግድግዳ ስንጥቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ተብሎ ጥግ ላይ የተከመረው የባዶ ጆንያ ቁልል። ሥራ ላይ የማይውል አሮጌ ማሽን በውስጡ ዱቄት እንዳለ ትታችሁ ከሆነ፣ ተባዩን የምታረቡት ራሳችሁ ናችሁ።

ጽዳቱም ሥርዓት አለው። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ማሽኖቹ ከወር ባነሰ ልዩነት ተከፍተው ከጸዱ ትሉ አድጎ የመራባት ዕድል አያገኝም። በመጭመቂያ አየር አትንፉ፤ ዱቄቱንም እንቁላሉንም ወደ ሌላ ስንጥቅ መበተን ነው። በሚስብ መሣሪያ ሳቡት። የተጠረገው ዱቄት በዚያው ቀን ከሕንፃው ይውጣ። «ለከብት መኖ» ተብሎ በር ሥር በጆንያ የተቀመጠ ጥራጊ አይቼ የተናደድኩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከማሽኑ የወጣው ትል እዚያው በር ሥር ሆኖ ዕድገቱን ይጨርሳል።

«ዱቄቱ ራሱ ያፈልቃቸዋል»

ዱቄት ምንም አያፈልቅም። አንዲት ሴት መጥታ እንቁላል ጥላለች፣ ወይም እንቁላሉ ከእህሉና ከጆንያው ጋር ገብቷል።

«ነቀዝ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው»

ነቀዝ ጠንካራ ክንፍ ያለው ጥንዚዛ ነው። የእሳት እራት ሌላ ናት፤ የእሳት እራቶቹም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። ልዩነቱን የማነሳው የት መፈለግ እንዳለባችሁ ስለሚወስን ነው።

ግራጫ ሆና ክንፏ ላይ ጥቁር ጠመዝማዛ መስመር ያላት፣ እስካሁን ያወራሁላችሁ፣ የማሽንና የዱቄት ናት። ሁለተኛዋ ፕሎዲያ ኢንተርፑንክቴላ ነች። የክንፏ ግማሽ፣ ወደ አካሏ የሚቀርበው፣ ፈዛዛ ነው፤ ጫፉ የመዳብ ቡናማ። ዱቄት፣ የተከካ እህል፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ያገኘችው ሁሉ ይስማማታል፤ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ያስቸገረችው በአብዛኛው እሷ ናት። ትሏ አድጎ ሲጨርስ ምግቡን ትቶ ግድግዳ ይወጣል። ስለዚህ ሰዎች ጣሪያ ሥር ትል ያገኙና ጣሪያውን ሲያጥቡ ይውላሉ፤ ምንጩ ግን ታች መደርደሪያ ላይ የተረሳ ከረጢት ነው።

ሦስተኛዋ ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ፣ የገለባ ቀለም ያላት ትንሽ የእሳት እራት ናት። የምትጎዳው ዱቄትን አይደለም፤ ያልተፈጨ እህልን ነው። ትሏ ወደ ፍሬው ሰርስሮ ይገባና ዕድሜውን በዚያች አንዲት ፍሬ ውስጥ ይጨርሳል። ክንፍ ከማውጣቱ በፊት የፍሬውን ልባስ ከውስጥ ፍቆ ስስ መስኮት ያዘጋጃል፤ የእሳት እራቷ ያንን ገፍታ ትወጣለች። ክብ ቀዳዳ ያለባት ቀላል ፍሬ ካያችሁ ውስጧ ተበልቶ አልቋል። ፈረንሳይ ውስጥ አንጉሙዋ የሚባለውን አውራጃ ከማራቆቷ የተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1760 ዱአሜል ዱ ሞንሶና ቲዬ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ጉዳዩን እንዲያጠኑ ወደ ቦታው ተልከው ነበር።

«ከማሳ የመጣ አዲስ እህል ንጹሕ ነው»

ይህቺ ሦስተኛዋ እኮ ማሳ ላይ በሚደርቀው ዛላ ላይ እንቁላል ትጥላለች። አጨዳ በዘገየ ቁጥር ይዛችሁ የምትገቡት ይበዛል። አዲሱን ካለፈው ዓመት እህል ጋር አትቀላቅሉ፤ መጋዘኑንም ባዶ ሳለ አጽዱት። በክምር እህል ውስጥ ደካማ ስለሆነች ወደ ጥልቁ አትገባም፤ ጉዳቷ የላይኛው ንብር ላይ ይበረታል። ናሙና ስትወስዱ ከላይም ከመካከልም ውሰዱ።

«ከነፋሁት በቂ ነው»

ወንፊት ትሉንና ድሩን ያስቀራል። እንቁላሉ ግን ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰፋ ያለ ዓይን ባለው የቤት ወንፊት ያልፋል። በፋብሪካ ዱቄቱ ከመታሸጉ በፊት በጣም በደቀቀ ወንፊት የሚደገመው፣ ወይም በፍጥነት እያሽከረከረ እንቁላሉን በሚሰብር ማሽን የሚያልፈው ለዚህ ነው።

«የታሸገ ነው፣ አይገባበትም»

ስስ ፕላስቲክ ትሉ ይበሳዋል። አዲስ የተፈለፈለው ደግሞ መብሳትም አያስፈልገው፤ በስፌቱ ቀዳዳ ይገባል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብርጭቆ፣ የብረት ወይም የወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ።

«በጣም ደረቅ ነው፣ አይኖሩበትም»

ትሎቹ ውሃ መጠጣት አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸውን ከምግቡ ያገኛሉ። ማድረቅ ሻጋታን ይከላከላል፤ የእሳት እራትን ለመከላከል ግን አትመኩበት።

«ናፍታሊን አስቀምጫለሁ»

አውጡት! ናፍታሊን መርዝ ነው፤ ምግብ ባለበት ቦታ አይቀመጥም። ሽታ ያላቸው ቅጠሎችም ከረጢት ውስጥ የተቀመጠውን ትል አይነኩትም። የቤት ዱቄት ከሆነ በረዶ ቤት ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት አቆዩት፤ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ትልቅ ፋብሪካ ደግሞ ሕንፃውን እስከ 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ አሙቆ አንድ ቀን ሙሉ በማቆየት ሁሉንም የዕድገት ደረጃ መግደል ይችላል፤ ጭንቁ ሙቀቱን ቀዝቃዛ ጥግ ድረስ ማድረስ ነው።

«ክኒኑን አብዝቼ ቀኑን አሳጥራለሁ»

እዚህ ላይ ቁጣዬ ሌላ ነው፤ ሰው ስለሚሞትበት። የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ የሚሠራው በጊዜ ነው፤ እንቁላሉና ክንፍ ሊያወጣ የተኛው ከትሉ የበለጠ ይቋቋሙታል። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ቀኑን በግማሽ አይቀንሰውም። የተዘጋው ቦታ ምንም ሳያፈስ ቢያንስ ለበርካታ ቀናት መቆየት አለበት፤ ቅዝቃዜ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ። በአንድ ሌሊት ተከፍቶ «አጥኜዋለሁ» የተባለ መጋዘን አልታጠነም፤ በሕይወት የተረፉት ግን ጋዙን የመቋቋም ዕድል ያላቸው ናቸው፤ የሚራቡትም እነሱ ናቸው።

አንድ የመጋዘን ጠባቂ ከታጠነው መጋዘን ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰን ክፍል ተኝቶ፣ ሌሊት እያስመለሰው ራሱን ሊስት ሲል ጎረቤት ደርሶ አውጥቶታል። የነገሩት «በሩ ተዘግቷል፣ ምንም አትሆንም» ብለው ነበር። ፎስፊን በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይመስላል ይባላል፤ ሽታው ባይኖርም ግን ጋዙ ሊኖር ይችላል፣ አፍንጫችሁን አትመኑ። የተለየ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በመኝታ ክፍል፣ በኩሽና ፈጽሞ አይደረግም። ክኒኑ ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳት ያስነሳል። ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ፣ የጋዝ መለኪያና የማስጠንቀቂያ ምልክት ይፈልጋል። ለፋብሪካ ባለቤቶች ደግሞ ሌላ ልጨምር፦ ጋዙ መዳብን ይበላል፤ የሞተርና የመቆጣጠሪያ ሽቦዎቻችሁ መዳብ ናቸው።

ጋዙ ሲወጣ ጥበቃውም አብሮ ይወጣል። ያልጸዳ ፋብሪካ ታጥኖ በተከፈተ ማግስት አዲስ የእሳት እራት ብትገባ የሚያግዳት የለም። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ንብርን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ባደጉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ በታዳጊዎቹ በ2015 ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንዲቆም ተወስኗል፤ በፎስፊን ላይ ያለው ጫና የበዛው በዚህም ጭምር ነው።

«አንድ ጊዜ የሠራ መድኃኒት ሁልጊዜ ይሠራል»

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ትል ለመግደል ሰብል ላይ የሚረጨው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ስም የተሰጠው በዚሁ በወፍጮ ትል ውስጥ ተገኝቶ ነው። ኤርንስት በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1911 በጀርመን ቱሪንጊያ ከሚገኝ ወፍጮ ቤት በመጡ የታመሙ ትሎች ውስጥ አገኘው፤ በ1915 ስም ሰጠው። ጃፓናዊው ኢሺዋታ ቀደም ብሎ በ1901 በሐር ትል ላይ አይቶት ነበር። በ1985 ደግሞ ፕሎዲያ፣ ያቺ ባለ መዳብ ክንፏ፣ ይህንኑ ባክቴሪያ መቋቋም እንደምትችል ከእህል ጎተራ በተወሰዱት ላይ ተረጋገጠ። መድኃኒት እያፈራረቁ መጠቀም የሚመከረው ለዚህ ነው።

«የፌሮሞን ወጥመድ ሰቅያለሁ፣ ያልቃሉ»

ፌሮሞን ሴቷ ወንዱን የምትጠራበት ሽታ ነው፤ ስለዚህ ወጥመዱ የሚስበው ወንዶቹን ብቻ ነው። አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚገናኝ፣ ጥቂት ካመለጡ እንቁላሉ አይቀንስም። ወጥመዱ ለመቁጠር ነው፤ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ማሽን አጠገብ እንደሚበዙ ያሳያችኋል። በየሳምንቱ ቆጥራችሁ ካልመዘገባችሁ ሙጫ ሰቀላችሁ ማለት ነው። ደግሞም ለግራጫዋና ለባለ መዳቧ አንድ ማባበያ ይሠራል፤ ለገለባ ቀለሟ ግን አይሠራም፤ የራሷ ሌላ ነው።

«አሁን ደግሞ ተርብ መጣብን»

ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ጥቁር ቡናማ ተርብ ዱቄት አጠገብ ካያችሁ እህል ልትበላ አልመጣችም። ትሉን ነድፋ ታደነዝዘዋለች፣ እላዩ ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ ልጆቿ ይበሉታል። በአንዳንድ አገር ሆን ተብሎ እየተራባች ወደ መጋዘን ትለቀቃለች። ከተቻለ አትርጩባት። መኖሯ ግን ትል በአቅራቢያዋ እንዳለ ይነግራችኋል፤ የታየችበትን ማሽን ዛሬውኑ ክፈቱት።