ኢን ኖሚኔ ምንድን ነው?

ሆሳዕና ጠዋት ዘንባባውን እንደ ቀለበት በጣታችን አስረን «ቡሩክ ዘይመጽእ በስመ እግዚአብሔር» ሲባል የሰማን ብዙ ነን። በላቲኑ ቅዳሴም ይሄው ቃል አለ፤ ቤኔዲክቱስ ኩዊ ቬኒት ኢን ኖሚኔ ዶሚኒ ይላሉ። «ኢን ኖሚኔ» ማለት እንግዲህ «በስመ» ነው። እንግሊዝ አገር ግን ይሄ ቃል ከቅዳሴው ወጣና የመሣሪያ ሙዚቃ ዓይነት መጠሪያ ሆነ። ዘማሪ የለም፣ አንድም ቃል አይሰማም፣ ስሙ ብቻ ቀረ። ታሪኩን በጣም ስለምወደው ከመነሻው ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

ጆን ታቨርነር ከ1526 እስከ 1530 ኦክስፎርድ ውስጥ፣ ካርዲናል ዎልሲ ባቋቋሙት ኮሌጅ የመዘምራን አለቃ ነበር። ለስድስት ድምፅ ከጻፋቸው ቅዳሴዎች አንዱን የገነባው በቆየ ዜማ ላይ ነው፤ በሥላሴ በዓል የሚዘመር፣ «ምስጋና ለአንተ ይሁን ሥላሴ ሆይ» ብሎ የሚጀምር። እና «ኢን ኖሚኔ ዶሚኒ» የሚለው ጋ ሲደርስ ስድስቱ ድምፆች ወደ አራት ይቀንሳሉ። ያ የቆየ ዜማ በአንዱ ድምፅ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር፣ በረጃጅም ኖታዎች፣ ሳይቸኩል ይሄዳል፤ ሌሎቹ ደግሞ በዙሪያው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሰው ይቺን ቁራጭ ወደዳት። ቃሉን ትተው ለመሣሪያ ገለበጧት። ከዚያ ሌሎች ደራሲዎች ያንኑ ዜማ እየወሰዱ የየራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ፦ ታሊስ፣ በርድ፣ ጊቦንስ። ክሪስቶፈር ታይ ብቻውን ከ20 በላይ ጽፏል። በጠቅላላው ከ150 በላይ እስከ ዛሬ ደርሰውናል።

ሕጉ አንድ ነው፤ አንዱ ተጫዋች ዜማውን ቀስ ብሎ ይይዛል፣ የቀረው ነፃ ነው። ነፃነቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ፒክፎርዝ የሚባል ደራሲ የጻፈውን ስሙ። አምስት ተጫዋቾች አሉ። እያንዳንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት የኖታ ርዝመት ብቻ ነው የሚጫወተው፣ ግን የአንዱ ርዝመት ከሌላው ይለያል። በአምስት የተለያየ እርምጃ አብረው እየሄዱ ሳይጋጩ ይደርሳሉ። እኔ እስካሁን በሰማሁት ቁጥር እገረማለሁ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወቱት በቫዮል ነው። ስድስት አውታር ያለው፣ በጉልበት መሀል ተይዞ በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። አውታሮቹ እንደ በገናችን ከአንጀት ይሠራሉ። ድምፁ ለስለስ ያለ ስለሆነ አምስት ቫዮል አንድ ላይ ሲሆን ማን ምን እንደያዘ ቶሎ አይለይም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ዜማው ጠፍቶብኝ ነበር፣ ምክንያቱም ከላይኛው ድምፅ ነበር የምጠብቀው። ብዙ ጊዜ ያለው ግን መሀል ነው፣ ከላይ ሁለተኛው ላይ። አነሳሱ ሬ፣ ፋ፣ ሬ ነው። እነዚህን ሦስቱን ከያዛችሁ አይጠፋባችሁም።

በ1660 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ከስደት ሲመለስ የፈረንሳዩን ሙዚቃ፣ እግር የሚመታበትን ይወድ ነበርና ቫዮልና ኢን ኖሚኔ ፋሽናቸው አለፈ። ያም ሆኖ ሄንሪ ፐርሰል፣ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኖ፣ በ1680 ገደማ ሁለት ጻፈ፤ አንዱ ለስድስት፣ አንዱ ለሰባት ድምፅ። ከእሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ሆነ።

ዝምታው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተሰበረ። ፒተር ማክስዌል ዴቪስ በ1960ዎቹ የታቨርነርን ኢን ኖሚኔ ወስዶ ለትልቅ ኦርኬስትራ ሁለት ፋንታዚያ (ደራሲው እንደ ልቡ የሚያወጣው የሚያወርደው ድርሰት) ሠራበት። የለንደኑ ፍሬትወርክ የቫዮል ቡድን ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የድሮዎቹን እየቀረጸ፣ በሕይወት ያሉ ደራሲዎችም ለቫዮል አዲስ እንዲጽፉ እያደረገ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መስማት ከፈለጋችሁ ከታቨርነር ቅዳሴ ጀምሩ። ታሊስ ስኮላርስ የሚባለው የመዘምራን ቡድን ቀርጾታል። «ኢን ኖሚኔ» የምትለዋን ቦታ አንድ ሁለቴ ስሟትና ወዲያው ያቺኑ በቫዮል አስከትሉ። ሬ፣ ፋ፣ ሬ፣ ያለ ቃል።